ሌጦ ለሚለይ ካሜራ፦ ኤልቢፒ ወይስ ሬዝኔት?

የበግና የፍየል ሌጦ ጸጉሩ ተነሥቶ ሲለፋ እንስሳው በሕይወቱ ያየው መከራ ሁሉ ገጹ ላይ ይወጣል፤ የእከኩ ነቁጥ፣ የእሾሁ ጭረት፣ የቢላው ቁርጥ። ይህን በካሜራ መለየት ለሚፈልግ ፋብሪካ ሁለት መንገድ አለ። ሻጭ ማሳየት የሚወደው ግን ውዱን ነው።

ርካሹ ኤልቢፒ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በፊንላንዱ ኦሉ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ነው። እያንዳንዱን ፒክስል (የምስል ነጥብ) በዙሪያው ካሉት 8 ጎረቤቶች ጋር ያወዳድራል፤ ጎረቤቱ ከደመቀ ወይም እኩል ከሆነ 1፣ ከጨለመ 0 ይመዘግባል። ከዚህ 256 ዓይነት ቅርጽ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ቅርጽ ስንት ጊዜ እንደታየ ሲቆጠር የገጹ ልስላሴና ሸካራነት በቁጥር ይገለጻል። ቁጥሩን ተቀብሎ ደረጃ የሚሰጠው ኤስቪኤም ወይም ሌላ ቀላል መዳቢ ነው። ጂፒዩ የተባለው ኃይለኛ የስሌት ቺፕ አያስፈልግም፤ ሳይኪት ኢሜጅ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል። መብራቱ በአጠቃላይ ቢደምቅ ወይም ቢደበዝዝ ብዙም አይናወጥም፤ የሚመጣበት አቅጣጫ ከተቀየረ ግን ጥላው ይዞራል፣ ቁጥሩም አብሮ ይዛባል።

ውዱ ሬዝኔት እ.ኤ.አ. በ2015 ከማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች የወጣ ኒውራል ኔትወርክ፣ ማለትም ከምሳሌ የሚማር ፕሮግራም ነው። ባለ 50 ንብርብሩ ወደ 25 ሚሊዮን የሚጠጉ በሥልጠና የሚስተካከሉ ቁጥሮች አሉት። ከአንድ ሚሊዮን በላይ በሆኑ ፎቶዎች ሠልጥኖ ስለሚገኝ በራስ ሌጦ ማስተካከል ብቻ ይቀራል፤ ለዚያ ግን ጂፒዩና ባለሙያዎች ደረጃቸውን የተስማሙበት ብዙ ፎቶ ያስፈልጋል። ባለሙያዎቹ እርስ በርስ የማይስማሙ ከሆነ ማሽኑም ክርክራቸውን ይማራል። የቱቢንገን ተመራማሪዎች የዝሆን ቆዳ ያለበሱትን የድመት ምስል እንዲህ ያሉ ኔትወርኮች ዝሆን ሲሉት አሳይተዋል። ከቅርጽ ይልቅ የገጹን ሸካራነት ያያሉ ማለት ነው። ይህ ለሌላው ጉድለት ነው፤ ለቆዳ ገዢ ግን መልካም ዜና።

እኔ ብሆን ካሜራው በማይንቀሳቀስበት፣ መብራቱም በተከለለበት መስመር ላይ ኤልቢፒን አስቀድሜ እሞክራለሁ፤ የተረፈውን ገንዘብ ከጎን ዝቅ ብሎ በሚመታ መብራት ላይ አውላለሁ፤ የእከክ ነቁጥ ጥላ የሚጥለው በእርሱ ነው። ፎቶው በስልክ ከየገበያው የሚሰበሰብ ከሆነ ሬዝኔት ዋጋውን ያወጣል።

ከመክፈላችሁ በፊት ሶፍትዌሩ በየትኛው ቆዳ እንደሠለጠነ ጠይቁ። ኤምቪቴክ ኤዲ በተባለው ታዋቂ የማሠልጠኛ ምስሎች ስብስብ ውስጥ የቆዳ ምስሎች አሉ፤ ፈቃዱ ግን ለንግድ መጠቀምን ይከለክላል።