ለ7ኛ ክፍል ሒሳብ የቱ ይሻላል? ካን አካዳሚ፣ አይኤክስኤል፣ ፕሮዲጂ ወይስ ኮሊብሪ

የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ 7ኛ ክፍል ናት። አንድ እሁድ 1/2 + 1/3 ስንት ነው አልኳት። ሳታመነታ 2/5 ብላ ጻፈች። «እንዴት አመጣሽው?» ስላት «ጋሼ፣ የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ደመርኩት» አለችኝ። «ግማሽ ዳቦ ይዘሽ ሲሶ ተጨምሮልሽ እንዴት ከግማሽ ያንሳል?» ብላት ሳቀች። ጉዱን ያመጣባት ማባዛት ነው። ክፍልፋይ ሲባዛ ላዕል ከላዕል፣ ታህት ከታህት ይባዛል። እሷ ያንን ሕግ ይዛ ወደ መደመር ገባች።

የመለማመጃ መተግበሪያ ልትመርጡ ከሆነ ይቺን ስህተት ያዟት። ሆን ብላችሁ 2/5 ብላችሁ መልሱና ምን እንደሚላችሁ እዩ። ቀለሙን፣ ሽልማቱን፣ «በሺህ የሚቆጠር ጥያቄ አለን» የሚለውን ለጊዜው ተዉት።

ከካን አካዳሚ ልጀምር። ነጻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሳልማን ካን ናዲያ የምትባል ዘመዱን ከሩቅ ሆኖ ሒሳብ ሲያስጠናት ነው ነገሩ የተወለደው። ልጅቷን ያስቸገራት መለኪያ መለወጥ ነበር። በኛዋ ልጅ ዕድሜ ያለ ጣጣ ማለት ነው። ካን ላይ ስትሳሳቱ መልሱን ወዲያው አይነግራችሁም። እንደገና ሞክሩ ይላል። ካቃታችሁ ቪዲዮ አለ፣ ደረጃ በደረጃ የሚወርድ ፍንጭም አለ። ማስረዳት ላይ ከአራቱም ይህን እመርጣለሁ። በተለይ ነጋቲቭ ቁጥር ላይ የቁጥር መስመሩ ጥሩ አድርጎ ያሳያል።

ድክመቱም እዚያው ነው። ፍንጩን እስከ መጨረሻ ከተጫኑት መልሱ ይወጣል። ነቄ ልጅ ይህን ለማወቅ አንድ ከሰዓት አይፈጅበትም። ፍንጭ የታየበት ጥያቄ እንደ ትክክል አይቆጠርም፣ ልጁ ግን ለነጥቡ ግድ ከሌለው ምን ታደርጉታላችሁ? ሌላው ደግሞ አንዱ ልምምድ አጭር መሆኑ ነው። 7 × 8 ሲባል ጣቱን ለሚቆጥር ልጅ ጥቂት ጥያቄ ምንም አይልለት። ቪዲዮው ፓኬጅ ይበላል፣ ልምምዱ ግን ያን ያህል አይደለም። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሆናችሁ ቪዲዮውን ስልኩ መተግበሪያ ላይ ብታወርዱት ይሻላል።

አይኤክስኤል ሌላ ጠባይ አለው። ይከፈልበታል፣ ሥራውም ማሠራት ነው። ስትሳሳቱ ትክክለኛውን መልስና አሠራሩን ያሳያል፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ያልፋል። ጥያቄ አያልቅበትም። ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር፣ አስርዮሽን ወደ መቶኛ መለወጥ፣ ትንሹን የጋራ ብዜት መፈለግ፣ ሁሉም ለየብቻ ተከፋፍሎ ተቀምጧል። ልጁ የቱ ጋ እንደሚወድቅ ካወቃችሁ በቀጥታ እዚያ ላይ ታስቀምጡታላችሁ። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ነጥቡ ግን ጨካኝ ነው። ስማርትስኮር የሚሉት ከ0 እስከ 100 ይሄዳል። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ከፍ ማለቱ ይከብዳል፣ ከ90 በላይ አንዲት ስህተት ብዙ ታወርዳለች። እልኸኛ ልጅ ይወደዋል። ቶሎ ሆድ የሚብሰው ልጅ ስልኩን ይወረውራል። ለእንዲህ ያለው «80 ስትደርስ ይበቃሃል» በሉት። ድርጅቱ ራሱ 80ን እንደ በቂ ችሎታ ነው የሚቆጥረው።

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፣ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት የልጁን መምህር ጠይቁ። ብዙ ትምህርት ቤቶች አይኤክስኤልን ለተማሪዎቻቸው ይከፍላሉ፣ ልጁ መግቢያውን ይዞት ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ ሆኖ መግዛት ደግሞ ዶላር የሚከፍል ካርድ ይጠይቃል፣ እኔ ለዚያ አልደክምም። አንድ ነገር ልጨምር። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ የአንድ መተግበሪያ ነጻ ሳምንት ጀምራ ረሳችው፤ ስሙን አልጠራም። የዓመቱ ተቆረጠባት። ነጻ ሙከራ ስትጀምሩ የሚያልቅበትን ቀን ስልካችሁ ላይ ደወል አድርጉ።

ፕሮዲጂ ጨዋታ ነው። ልጁ ጭራቅ ይገጥማል፣ ለማጥቃት የሒሳብ ጥያቄ ይመልሳል፣ ከሳተ ጥቃቱ ይከሽፋል። እስከ 8ኛ ክፍል ይሄዳል። ሒሳብ ሲባል ፊቱን ለሚያዞር ልጅ በር ይከፍታል። ግን ከኋላው ቆማችሁ ተመልከቱ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ደቂቃ ሒሳብ ሠራ፣ ስንት ደቂቃ ሲዞር፣ ልብስ ሲቀይር ዋለ? ሒሳቡ በነጻው ላይም አለ። አባልነት የሚጨምረው በዋናነት የጨዋታውን ጌጥና እንስሳ ነው፣ ስለዚህ ልጁ ቢያለቅስም ለሒሳብ ብላችሁ አትክፈሉ።

ኮሊብሪን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ለኛ አገር ግን እሱን ነው የማስበው። ነጻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። አንድ ላፕቶፕ ላይ ይጫናል፣ የካን አካዳሚ ቪዲዮና ልምምድ አንዴ ይወርድበታል። ከዚያ ሌሎች ስልኮች በቤቱ ዋይፋይ ከላፕቶፑ ጋር ይገናኛሉ። ሰፈር ውስጥ አምስት ስድስት ልጅ ሰብስቦ ለሚያስጠና ሰው ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ቪዲዮው ብዙ ቦታ ስለሚይዝ መጀመሪያ የ7ኛ ክፍሉን ልምምድ ብቻ መርጣችሁ አውርዱ። መጫኑ ላይ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው አይጠፋችሁ፣ ከባድ ባይሆንም ለጀማሪ ያደናግራል።

አራቱንም የሞከርናቸው በእንግሊዝኛ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ የተማረ ልጅ ሒሳቡ ሳይሆን ቃሉ ይጥለዋል። እኛ ደብተር ጀርባ ላይ ጻፍነው። ላዕል ኑመሬተር፣ ታህት ዲኖሚኔተር፣ አካፋይ ፋክተር፣ ብዜት መልቲፕል፣ ንጥጥር ሬሾ። በአማርኛ ብጠይቃት የምትመልሰውን ጥያቄ ስክሪኑ ላይ ስታየው ትደነግጥ ነበር። አሁን ደብተሩን ገልበጥ አድርጋ ትቀጥላለች።

የማባዣ ሰንጠረዥ ያልያዘ ልጅ ካላችሁ ግን አንዱንም ለጊዜው አትጫኑ። ወረቀት ቆራርጣችሁ በአንዱ ጎን 7 × 8፣ በሌላው 56 ጻፉ። ራት እስኪቀርብ አሥር ደቂቃ ትበቃለች።

እኛ ቤት የቀረው ካን ነው፣ ደብተር ከጎን ሆኖ። −3 − (−5) ስክሪኑ ላይ አልገባ ሲላት በዕዳ አስረዳኋት። የሦስት ብር ባለዕዳ ነሽ፣ የአምስት ብር ዕዳ ተሰረዘልሽ፣ ስንት አለሽ? «ሁለት ብር ተረፈኝ» አለች። ትናንት 2/3 + 1/4 ሰጠኋት። ታህቶቹን ወደ 12 አመጣቻቸው፣ ትንሽ ቆየች፣ «11/12» አለች። «ጋሼ፣ ሙሉ ዳቦ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው።»