ደሴ ላይ የሱቅ ስልክ ለምታስዘረጉ፣ የምናምነውን ባለሙያ እንጠቁማችሁ

ለጅምላ መደብራችን የስልክ መስመር የዘረጋልንን ወንድማችንን እጅህ ይባረክ እንላለን። የሚሠራው ሸዋ በር አካባቢ ነው። ስሙ እንዳይጻፍ ስለጠየቀን አድራሻውን በውስጥ ለጻፈልን እንልካለን።

ዕቃ ለመሸጥ አይቸኩልም። ዋጋ ከመጥራቱ በፊት «በገበያ ቀን ስንት ሰው በአንዴ ይደውልላችኋል?» ይላል። የውጭ መስመር የሚቆጠረው በአንዴ በሚካሄደው ንግግር ልክ እንጂ በጠረጴዛ ብዛት አይደለም። ስድስት ጠረጴዛ ላለው መደብር ሦስት መስመር አያንስም፤ የቀረው ከፒኤቢኤክስ፣ ማለትም የውጭ መስመሩን ለውስጥ ስልኮች ከሚያከፋፍለው ሳጥን፣ የሚወጣ የውስጥ ቁጥር ነው። የፓናሶኒኩ 824 ለምሳሌ በ3 የውጭ መስመርና በ8 የውስጥ ስልክ ይጀምራል፤ ካርድ ሲጨመርለት 8 በ24 ይደርሳል።

ሦስት መስመር ገብቶም ደንበኛ «ተይዟል» እየተባለ የሚመለስበት ሱቅ ብዙ ነው። ዋናው ቁጥር ሲያዝ ጥሪውን ወደ ሁለተኛው ማዞር የቴሌ ማዞሪያ ሥራ ነው። ሳጥኑ ያልደረሰውን ጥሪ ከየት አምጥቶ ያዞራል? ይህን ቀድሞ የሚነግር ባለሙያ ብርቅ ነው።

ሽቦ ላይ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። አንድ የኔትወርክ ኬብል አራት ጥንድ ስላለው አራት ስልክ ይሸከማል፤ ግን ሰማያዊው ከራሱ ነጭ ሰማያዊ ጋር መሄድ አለበት። አንዱ ከሰማያዊው፣ አንዱ ከብርቱካናማው ተወስዶ ከታሰረ ስልኩ ይሠራል፤ የካሸሯ ወሬ ግን መጋዘን ድረስ ይሰማል። ከመብራት ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ ከገባም «እምምም» የሚለው ድምፅ አያስወራም። መስመሩ ላይ ኤዲኤስኤል (በስልክ ሽቦ የሚመጣ ኢንተርኔት) ካለ ድምፁንና ኢንተርኔቱን የሚለየው ስፕሊተር ከሳጥኑ በፊት ይገባል፤ አለዚያ ኢንተርኔት የለም።

«ስታቢላይዘር አለን» ብላችሁ ክረምቱን አትተኙ። መብረቅ በስልክ ሽቦም ይገባል። ስለዚህ በየውጭ መስመሩ መግቢያ የመብረቅ መከላከያ ያስራል፤ ያውም መሬት ከተቀበረ ግራውንድ ጋር አያይዞ፣ ያለዚያ መከላከያው ጌጥ ነው። መብራት ሲጠፋ ሳጥኑን ዩፒኤስ (የባትሪ መጠባበቂያ) ያቆየዋል። ዩፒኤሱም ካለቀ፣ በመዳብ ሽቦ በሚመጣ መስመር ላይ በቀጥታ የተሰካ ተራ ባለገመድ ስልክ ኃይሉን ከቴሌ ስለሚያገኝ ይሠራል። ገመድ አልባው ግን አይሠራም።

በሞባይል ብቻ ለሚነግድ ሰው ሳጥን አይሸጥም። አብዛኛው ባለሁለት ሲም ቀፎ በአንዱ ሲያወሩ ሌላው «አይገኝም» ይላል። ያኔ ጥሪው ወደ ሠራተኛው እንዲዞር በሌላኛው ሲም ላይ **62*የሠራተኛው ቁጥር# ብሎ ያስተካክልና ይሄዳል።

ቀጠሮው ስለሚሞላ ቀድማችሁ ያዙት። ኮምቦልቻም መጋዘን ካላችሁ መጀመሪያውኑ ንገሩት፦ ደሴ የገባ ጥሪ በሳጥኑ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ሲላክ አንዱን መስመር ለመግቢያ፣ ሌላውን ለመውጫ ይይዛል፤ ከሦስቱ የሚተርፋችሁ አንድ ብቻ ነው።