ዕቁብ ወይስ የባንክ ቁጠባ?

ከወላጅ ቤት ወጥቶ ገና ቤት ለተከራየ ወጣት የዕቁብ ትልቁ ጥቅም ማስገደዱ ነው። 10 ሰዎች በወር 2,000 ብር ቢጥሉ ባለ ዕጣው 20,000 ብር ይወስዳል። በመጀመሪያው ወር የደረሰው 18,000 ብር ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ አልጋና ምድጃ ለመግዛት ግሩም መንገድ ነው። የመጨረሻው ግን 10 ወር ጠብቆ የጣለውን ብቻ ይወስዳል፤ ያውም ዕቃው ከተወደደ በኋላ።

ዕቁብ የሚፈርሰው ቀድሞ የወሰደ ሰው መጣሉን ሲያቆም ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ዋስ ከመፈረሙ በፊት የሚሰጥ ከሆነ አትግቡ። ዋሱ ገና ዕጣ ያልወጣለት አባል ቢሆን ይመረጣል፤ ሰውዬው ቢጠፋ ከዋሱ ድርሻ መቁረጥ ይቻላላ! የጣላችሁት ደብተሩ ላይ ሲሰፍር በዓይናችሁ እዩ።

ባንክ ወለድ ይከፍላል፣ በታመማችሁ ቀንም ዕጣ አያስጠብቅም። ጉዳቱም ይኸው ቅለቱ ነው፤ በስልክ ወዲያው ይወጣል። ደመወዝ በገባ ዕለት የምትቆጥቡትን የኤቲኤም ካርድም የስልክ አገልግሎትም ወደሌለው ሌላ ሂሳብ አዛውሩት።

በእኛ እምነት የ3 ወር ኪራይና ቀለብ ባንክ ሳይቀመጥ ዕቁብ መግባት አደገኛ ነው። ሥራ ቢቋረጥ እንኳ፣ ዕጣውን የወሰደ ሰው በየወሩ መጣሉ አይቀርለትም።