የአግራ የአንድ ቀን ጉብኝት፦ ቦታው አምስት ኮከብ፣ አስጎብኚው ሦስት (ያውም አዝኜለት)

ለሕክምናም ሆነ ለንግድ ደልሂ መጥታችሁ አንድ ትርፍ ቀን ከተገኘ ያገኛችሁት ሁሉ የሚለው "ታጅ ማሃልን ሳታዩ እንዳትመለሱ" ነው። እውነታቸውን ነው፣ እዩት። እኔ ግን መጻፍ የፈለግኩት በጉብኝቱ ፕሮግራም መጨረሻ ላይ ለይስሙላ ስለተሸጎጠው ስለ ኢትማድ-ኡድ-ዳውላ (የንግሥት ኑር ጃሃን አባት) መቃብር ነው።

ሾፌሩ እንከን አይወጣለትም። በሰዓቱ መጣ፣ መኪናው ንጹሕ ነው፣ ኤሲውም ይሠራል።

አስጎብኚው ተጫዋች ሰው ነው፣ ታጅ ላይ ጥሩ አድርጎ አስረድቶናል። ያሙና ወንዝን ተሻግረን እዚህ ስንደርስ ግን "ይሄ ትንሹ ታጅ ይባላል፣ ኑር ጃሃን የምትባል በጣም ቆንጆ ንግሥት ለአባቷ ያሠራችው ነው፣ በሉ ፎቶ ተነሱ" አለና ጥላ ሥር ተቀምጦ ስልኩን መጎርጎር ጀመረ። በቃ! ቆንጆ ነበረች፣ አለቀ። ለእብነ በረድ ሱቁ ግን ጊዜ ሞልቶት ነበር። ኮሚሽን እንዳለው ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

እሱ የዘለለውን እኔ ልንገራችሁ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ኑር ጃሃን በ1577 ካንዳሃር (የዛሬዋ አፍጋኒስታን) የተወለደችው ወላጆቿ ከፋርስ ወደ ህንድ ሲሰደዱ መንገድ ላይ ነው። የመጀመሪያ ባሏ ሞቶ ከአንዲት ልጇ ጋር ቀረች፤ በ1611 ያኔ ህንድን ይገዛ የነበረው የሙጋል ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር አገባት። እሱ መጠጥና ኦፒየም ይወዳል፣ እሷ ደግሞ ሥራ። በስሟ ትእዛዝ ይወጣል፣ ስሟ በወርቅና በብር ሳንቲም ላይ ይቀረጻል፣ በራሷ መርከቦች ትነግዳለች። በ1617 ዝሆን ላይ ተቀምጣ በስድስት ጥይት አራት ነብር መጣሏን ባሏ ራሱ በማስታወሻው ጽፎታል፤ በኩራት ነው የጻፈው። በ1626 ማሃባት ካን የተባለ የጦር አዛዥ ንጉሡን ሲይዝባት ደግሞ ዝሆኗን ወንዝ ውስጥ ነድታ ተዋጋች። በጦር አልሆነላትም፣ በኋላ በዘዴ አስለቀቀችው።

በነገራችን ላይ ይሄ ጃሃንጊር ድል ሊያደርገው አልችል ብሎ፣ በሥዕል ላይ ብቻ ጭንቅላቱን በቀስት ሲወጋ ያሣለው ጠላቱ መሊክ አምባር ነው። የኛው ሰው፣ ከኢትዮጵያ በባርነት ተሽጦ ሄዶ ደቡብ ህንድ ውስጥ ደካን በሚባለው አገር የጦር መሪ የሆነው። አስጎብኚው ከስልኩ ቀና ያለው ይህንን ስነግረው ነው።

ወደ ሕንፃው ልመለስ። እናቷ በ1621፣ አባቷ በ1622 ሞቱ፤ ሥራው በ1628 አለቀ። ታጅ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ታጅ የተሠራላት ንግሥት ሙምታዝም የኑር ጃሃን የወንድሟ ልጅ ናት። ታጅ በግዝፈቱ ያስደነግጣችኋል። ይሄኛው ጠጋ ብላችሁ እንድታዩት ነው የሚጠራችሁ፣ ምክንያቱም ነጩ እብነ በረድ ከላይ እስከ ታች ባለቀለም ድንጋይ እየተቆረጠ ተገጥሞበታል፦ አንገተ ቀጭን ማሰሮ፣ ዋንጫ፣ የፍራፍሬ ሳህን፣ ቀጥ ያለ የጽድ ዛፍ፣ የአበባ ማስቀመጫ። መቃብር ላይ የወይን ዋንጫ! ጣቴን ባሳልፍበት መጋጠሚያው አይታወቅም። መስኮቶቹ ከአንድ ድንጋይ እንደ ጥልፍ የተፈለፈሉ ናቸው። ውስጥ ገብታችሁ የምታገኙት ጎን ለጎን የተቀመጡ ቢጫ የእብነ በረድ መቃብሮች ነው፣ የአባትና የእናት። ግድግዳው ላይ ያለው ቀለም አንዳንድ ቦታ ረግፏል፣ እሱ ትንሽ ያሳዝናል።

እሷን ግን እዚህ አትፈልጓት። ባሏ በ1627 ሲሞት የልጇን ባል ለማንገሥ ሞክራ ተሸነፈች፣ ታጅን ያሠራው የጃሃንጊር ልጅ ሻህ ጃሃን ነገሠ፣ የገዛ ወንድሟም የቆመው ከሱ ጋር ነበር። በዓመት 200,000 ሩፒ ጡረታ ተቆርጦላት በ1645 ላሆር (የዛሬዋ ፓኪስታን) ውስጥ እስክትሞት ኖረች። መቃብሯም እዚያው ነው።

የምትሄዱ ካላችሁ፣ ሱቅ እንደማትገቡ ገና መኪናው ሳይነሳ ተናገሩና ያንን ሰዓት ለዚህ አድርጉት። አርብ ታጅ ዝግ ነው፤ ይሄኛው ክፍት ነው። ካልሲ ያዙ፣ ጫማ ይወለቃል፣ ድንጋዩ ደግሞ ቀትር ላይ ያቃጥላል። አስጎብኚ ካልፈለጋችሁም ከታጅ ባጃጅ ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ፣ ዋጋውን ግን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ።