ለመርከብ ሞዴል ሥራ መሣሪያ ሲገዙ፦ ሙሉ ሳጥን ወይስ አንድ በአንድ?

የእንጨት መርከብ ሞዴል ኪት (ተቆርጠው የተዘጋጁ ክፍሎች የያዘ ጥቅል) ሲታዘዝ፣ ብዙ ዓይነት ዕቃ የታጨቀበት የመሣሪያ ሳጥንም አብሮ ለሽያጭ ይቀርባል። ዋጋው ለየዕቃው ሲካፈል ርካሽ ይመስላል። እኔ ግን ለጀማሪ የሚያዋጣው ሥራው ራሱ ሲጠይቅ አንድ በአንድ መግዛት ነው ባይ ነኝ። ሥራው በደረጃ የሚሄድ ነውና፦ በመጀመሪያ የመርከቧ አከርካሪና የጎድን አጥንቶች ይገጠማሉ፤ ቀጥሎ ቀጫጭን ጣውላ ይለብሳሉ፤ ምሰሶና ገመድ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ ነው። በርካሽ ሳጥን ውስጥ ደግሞ ጫፉ የማይገጥም ወረንጦና የሚታጠፍ መጋዝ የተለመደ ነው። ቶሎ የሚያልቁት ምላጭና የብርጭቆ ወረቀት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ሳጥኑ የሚያሸንፍበት ቦታ አለ፦ ለስጦታ ሲሆን። አዲስ አበባ ሆኖ ዕቃ ከውጭ በሰው የሚያስመጣ ሰው በየወሩ አንድ ዕቃ ማዘዝ ስለማይችል፣ እሱም ሳጥኑ ሊያጓጓው ይችላል። ለእሱ ግን የሚሻለው የሚፈልገውን በስም ዘርዝሮ መላክ ነው።

መጀመሪያ የሚገዛው ቢላ ነው። ኤክስአክቶ 1 ቁጥር እጀታ ከ11 ቁጥር ምላጭ ጋር ጠንከር ያለ ነው፤ ከኪቱ ሰሌዳ ላይ ክፍሎችን ለማላቀቅ እሱን እመርጣለሁ። የቀዶ ሕክምና ቢላ (ለምሳሌ የሼፊልዱ ስዋን ሞርተን) ይበልጥ ቀጭንና ስል ስለሆነ የጣውላን ጫፍ በጥራት ይቆርጣል፤ ከተጠመዘዘ ግን ይሰበራል። ጥቅሙ ምላጩ በሕክምና ዕቃ መሸጫዎች መገኘቱ ነው። ሲገዙ 3 ቁጥር እጀታ ይጠይቁ፤ 10A፣ 11 እና 15 ቁጥር ምላጮች የሚገጥሙት በእሱ ነው። 4 ቁጥር እጀታ የሚይዘው ትላልቆቹን ነው። አንዱን ብቻ መግዛት ለሚችል፣ ኤክስአክቶውን።

ለመብሳት የእጅ መሰርሰሪያ ወይስ ሞተር (በእጅ የሚያዝ ትንሽ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ)? ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ለሆነ ቀዳዳ በጣት የሚዞረው በቂ ነው፤ ርካሽም ነው፤ እጅዎ እንጨቱ ሲሰነጠቅ ይሰማዋል። ለእሱ የብረት ፑንታ ይግዙ፤ የካርባይድ ፑንታ እጅ ትንሽ ካዘነበለ ይሰበራል።

ሞተር የሚያስፈልገው የምሰሶ ሥራ ሲጀመር ነው፤ ገንዘብም በብዛት የሚባክነው እዚህ ነው። ድሬሜል 4000 በደቂቃ ከ5,000 እስከ 35,000 ዙር ይሄዳል፤ ኃይለኛ ነው፤ መለዋወጫውም በየቦታው ይገኛል። ፕሮክሰን ማይክሮሞት 50/ኢ ከ5,000 እስከ 20,000 ዙር ነው፤ 230 ግራም ብቻ ስለሚመዝን ለረጅም ሰዓት ሲይዙት እጅ አያደክምም። በ12 ቮልት ስለሚሠራ ትራንስፎርመሩ ለብቻ ይገዛል። ይህ ተጨማሪ ወጪ ቢመስልም አሜሪካ ገዝቶ ኢትዮጵያ ለሚወስድ ሰው ትልቅ ጥቅም አለው፤ ትራንስፎርመሩን ብቻ በ220 ቮልት በሚሠራ መቀየር ይበቃል። ለአሜሪካ 120 ቮልት የተሠራ ድሬሜል ግን ኢትዮጵያ ውስጥ በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። ለመርከብ ብቻ ከሆነ ፕሮክሰንን፣ የቤት ጥገናም ከታሰበ ድሬሜልን እመርጣለሁ።

ጣውላ ማጉበጫ ላይ አትቸኩሉ። እንጨቱን የሚያለሰልሰው ሙቀት ነው፤ ውሃው ሙቀቱን ወደ ውስጥ ያደርሳል። ስለዚህ ጣውላውን ውሃ ውስጥ ነክሮ በልብስ ካውያ ወይም በፀጉር ፒያስትራ ማጉበጥ ይቻላል። እየቆነጠጠ የሚያጎብጠው ፒንሳ በጣውላው ላይ ጠባሳ ስለሚተው በሁለተኛ ንጣፍ ለሚሸፈነው የመጀመሪያ የጣውላ ንጣፍ ብቻ ነው የሚሆነው። ኤሌክትሪክ ማጉበጫው ጥሩ ነው፤ ግን ሁለተኛ መርከብ ለመሥራት የወሰነ ሰው ይግዛው። ኮላ እስኪደርቅ ለመያዝም የልብስ መቆንጠጫ ይበቃል።

ትንሿን የጠረጴዛ መጋዝ በተመለከተ፣ ኪት ለሚሠራ ሰው ጨርሶ አታስፈልግም፤ ጣውላው ተቆርጦ ነው የሚመጣው። ከኪት ወጥቶ በፕላን ብቻ፣ ከራሱ እንጨት መርከብ ለመሥራት የተነሣ ሰው ግን ሞተሩን ትቶ ገንዘቡን ለእሷ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል።