ስለ እግዚአብሔር ሉዓላዊነት የተዘጋጀ የድምፅ ኮርስ፦ መርከቡ ላይ ድንቅ፣ መከራ ላይ ችኩል

ነርስ ነኝ። «ሁሉም በእግዚአብሔር እጅ ነው» የሚለውን ቃል ከታማሚም ከአስታማሚም እሰማለሁ። አንዳንዱ እንዲህ ብሎ ልቡ ያርፋል። አንዳንዱ ደግሞ እንዲህ ብሎ መድኃኒቱን ያቆማል። ስለዚህ የቤት ኅብረታችን እግዚአብሔር ሁሉን እንደሚገዛ የሚያስተምረውን ይህን ኮርስ ሲጀምር ማየት የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፤ ትምህርቱን የሰማ ሰው በማግስቱ ሥራውን እንዴት ይሠራል?

ኮርሱ በስልክ የሚደመጥ ነው። ትምህርቶቹ አጫጭር ናቸው፤ መጨረሻቸው ላይ የመወያያ ጥያቄ አለ። አስተማሪው አይጮኽም፣ አያካብድም። ጥቅስ ሲጠራ እስክንገልጥ ይጠብቀናል። መጀመሪያ ላይ ያሉት የዮሴፍና የናቡከደነፆር ትምህርቶች ደህና ናቸው፤ ግን በስብከት ደጋግመን የሰማናቸው ናቸው።

ልቤን የወሰደው የሐዋርያት ሥራ 27 ነው። ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ በመርከብ ወደ ሮም ይወሰዳል። ማዕበሉ ሲበረታ፣ መርከቡ እንጂ አንድም ሰው እንደማይጠፋ የእግዚአብሔር መልአክ ይነግረዋል። ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ግን ትንሽ ቆይቶ መርከበኞቹ መልሕቅ የሚጥሉ መስለው በጀልባ ሊያመልጡ ሲሉ፣ ያው ጳውሎስ ለመቶ አለቃው «እነዚህ ካልቆዩ አትድኑም» ይለዋል። ወታደሮቹም ገመዱን ቆርጠው ጀልባዋን ይለቋታል። ከዚያ ጳውሎስ ሰዎቹ እንዲበሉ ይለምናል፤ ስንዴው ወደ ባሕር ይጣላል፤ የሚዋኘው ይዋኛል፤ የቀረው በሳንቃ ላይ ይወጣል። 276ቱም ተረፉ።

አስተማሪው እዚህ ላይ አይቸኩልም። ተስፋው እርግጠኛ ነው፤ ገመዱ ግን መቆረጥ ነበረበት። እግዚአብሔር መጨረሻውን ብቻ ሳይሆን መንገዱንም ይገዛል ይላል። እኔ ይህን ከሰማሁ ወዲህ፣ ከጸሎት በኋላ ክኒናቸውን ሊተዉ ለሚያስቡ ሰዎች የምለው ነገር አገኘሁ። ጸልዩ፣ ክኒኑንም ዋጡ። ሁለቱም ከአንድ እጅ ናቸው።

ስለ አስቀድሞ መወሰን፣ ማለትም ማን እንደሚድን እግዚአብሔር አስቀድሞ ስለ መወሰኑ፣ እና ስለ ሰው ነፃ ፈቃድ የሚያስተምረውም ክፍል ሚዛናዊ ነው። ለሰው ፈቃድ ቦታ የሚሰጡት የሆላንዳዊው መምህር የአርሚንዮስ ተከታዮች እ.ኤ.አ. በ1610 አምስት ነጥቦችን ይዘው እንደተነሡ፣ አስቀድሞ መወሰንን አጥብቆ የያዘው የሆላንድ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ፣ የዶርት ሲኖዶስ፣ ደግሞ በ1618 እና በ1619 መልስ እንደሰጣቸው ይተርካል። የሁለቱንም ወገን ሐሳብ፣ ባለቤቶቹ ሰምተው «አዎ፣ እንዲህ ነው የምንለው» በሚሉበት መንገድ አቅርቦታል። በኅብረታችን ሁለቱም ዓይነት ሰው አለ። ያን ቀን ክርክሩ ሞቅ ያለ ነበር፤ ግን ማንም ተቀይሞ አልሄደም።

ቅር ያሰኘኝ ስለ መከራ የሚናገረው ትምህርት ነው። ገና ከመጀመሩ፣ እግዚአብሔርን ለሚወዱት ነገር ሁሉ ለበጎ እንደሚደረግ የሚናገረው ሮሜ 8፥28 ላይ ይደርስና ለእያንዳንዱ ኀዘን ምክንያት መደርደር ይጀምራል፤ ይህ ሊያስተምርህ ነው፣ ያ ሊያነጻህ ነው። ጥቅሱ እውነት ነው፤ እኔም አምነዋለሁ። ነገር ግን ልጇን ያጣች እናት አጠገብ ለቆመ ሰው ይህ ንግግር ይከብዳል። ጌታችን ራሱ ሉቃስ 13 ላይ የሰሊሆም ግንብ ስለገደላቸው 18 ሰዎች ሲናገር፣ ከሌሎቹ የበለጠ ኃጢአተኞች አልነበሩም አለ እንጂ ለምን እነርሱ እንደሞቱ አላብራራም። ዮሐንስ 11 ላይ ደግሞ የሞተውን አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ፣ ወደ መቃብሩ ከመድረሱ በፊት አለቀሰ። የኢዮብ ወዳጆችም ከሁሉ የተሻለ የሠሩት ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ ነው። ስለ ሉዓላዊነት የሚያስተምር ኮርስ ዮሐንስ 11ን እንዴት ይዘለዋል? ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

የመጨረሻው ትምህርት ስለ ዕለት ኑሮ ነው፤ ያዕቆብ 4ን ይዞ ስለ ዕቅድ ያወራል። «ጌታ ቢፈቅድ» ማለት ዕቅድ መተው እንዳልሆነ በግልጽ ያስረዳል። አጭር ነው፣ ግን ይጠቅማል።

ለቤት ኅብረትና ለወጣቶች ጥናት ያለምንም ማመንታት እመክረዋለሁ። ኀዘን ላይ ላለ ሰው ግን ስለ መከራ የሚናገረውን ክፍል በቴሌግራም አትላኩለት፤ ሄዳችሁ አብራችሁት ተቀመጡ። ኅብረት የምትመሩ ደግሞ በዚያ ሳምንት ድምፁን ትታችሁ ዮሐንስ 11ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቡ። እኛ እንደዚያ ነው ያደረግነው፤ ከሌሎቹ ሳምንታት ሁሉ ይልቅ ረጅም ሰዓት የጸለይነውም ያን ጊዜ ነው።