«ለገና አገር ቤት» ብለው ዲሴምበር 25 ያለኝ የጉዞ ረዳት

ሰሞኑን አንድ የቲኬትና የሆቴል መፈለጊያ አፕ ውስጥ የገባውን አዲስ የኤአይ ረዳት ስሞክር ነው የከረምኩት። ስሙን አልጠቅስም። መነሻ፣ መድረሻ፣ ቀን እያሉ ሳጥን መሙላት ቀርቶ የፈለጋችሁትን እንደ ሰው ትጽፉለታላችሁ፣ እሱ ፈልጎ ያመጣል። የምኖረው ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዘንድሮ ልጆቹንና እናቴን ይዘን አገር ቤት ልንገባ ስላሰብን የምር ፈተንኩት።

የጻፍኩለት ይሄን ነው፦ «ለገና ከዋሽንግተን አዲስ አበባ፣ ሁለት ልጆችና ሦስት ትልልቅ ሰዎች። ከዚያ ሦስት ቀን ጸጥ ያለ ሐይቅ ዳር። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ አይሆንላትም። ዋጋው አይጉዳን።»

ከመልካሙ ልጀምር። ሐይቁን በደንብ ነው የያዘው። ላንጋኖን፣ ሐዋሳንና ቢሾፍቱን አመጣና ጸጥታ ስለፈለግሁ ላንጋኖን ከላይ አደረገው። ልክ ነው። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች ቅዳሜና እሁድ ሰው ይጎርፍባታል፣ ላንጋኖ ግን 200 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይርቃል። በረራውንም ከደለስ (የዋሽንግተን ኤርፖርት ነው) አዲስ አበባ በቀጥታ የሚሄደውን አስቀደመ። ከሁሉ ደስ ያለኝ የደረጃው ነገር ነው። ላንጋኖ ዳር ካለ አንድ ሎጅ፣ እዚያ ያደረ እንግዳ ከጻፈው ረጅም አስተያየት ውስጥ «ከክፍላችን እስከ ምግብ ቤቱ ደረጃ የለም» የምትለዋን መዝዞ አሳየኝ። በድሮው ፍለጋ ይህቺን ለማግኘት አንድ ማታ ሙሉ አስተያየት ሳነብ ማምሸት ነበረብኝ።

ማሽኑ «ጸጥ ያለ» የሚለውን ቃል ራሱን አይደለም የሚፈልገው። የጻፋችሁትን ወደ ረጅም የቁጥር ሰልፍ ይቀይረዋል፣ የሆቴሎቹን መግለጫና የእንግዶቹን አስተያየትም እንዲሁ ቀይሮ አስቀምጧል፣ ከዚያ ቁጥራቸው የሚቀራረበውን ያመጣል። «የሚሰማው ወፍ ብቻ ነው» ብሎ የጻፈ እንግዳና እኔ አንድም የጋራ ቃል ሳይኖረን የምንገናኘው በዚህ ነው። ቀን፣ ቦታና የሰው ብዛት ግን በመቀራረብ አይሆንም። እነሱን ከዐረፍተ ነገሩ ነጥሎ በትክክል ማውጣት አለበት። የወደቀውም እዚህ ነው።

«ለገና» ያልኩትን ዲሴምበር 25 አደረገና ከዲሴምበር 21 እስከ 28 ቲኬት ደረደረልኝ። ኢትዮጵያ እንደምንሄድ እያወቀ! የኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው። «የኢትዮጵያ ገና፣ ታኅሣሥ 29» ብዬ አረምኩት። ዲሴምበር 29 ብሎ ያዘው። እኛ ራሳችን ለፈረንጁ ዲሴምበርም ታኅሣሥ እያልን ስለምንጽፍ፣ ማሽኑ የተማረበት የአማርኛ ጽሑፍ የተደባለቀ እንደሚሆን ይገባኛል። ያናደደኝ ሳይጠይቀኝ መወሰኑ ነው። የመረጠውን ቀን ያገኘሁት ገጹ ግርጌ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል ነው። እናቴ ስንት ዓመት የናፈቀችው የገናን ሌሊት ቅዳሴ ነው፤ 28 ላይ ብንመለስ ኖሮ በዓሉ ሲደርስ እኛ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበርን። አምስት ቲኬት ነው ደግሞ፣ ርካሹ ቲኬት ቀን ሲቀየር ብዙ ጊዜ ያስከፍላል።

የተስተካከለው «ጃንዋሪ 7» ብዬ ስጽፍለት ብቻ ነው። በኋላ ላይ «ቀኑን ገና አልቆረጥንም» ብዬ ሞከርኩት። እዚያም ዲሴምበር 25ን ሞላበት።

ልጆቹ ጣናን እንዲያዩ ብዬ «ባህር ዳር ጥሩ ሆቴል» ስለው ደግሞ ዛንዚባርና ሞምባሳ መጡ። የባህር ዳርቻ ፈልጌ መስሎታል። «ባሕር ዳር» ብዬ በሐመሩ ሐ ስጽፈው ከተማዋን አገኛት! የአንዲት ፊደል ልዩነት ሌላ አገር ይወስዳል። አማርኛን ለማሽን የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ሀን፣ ሐንና ኀን አስቀድመው ወደ አንድ የሚያመጡት ለዚህ ነው፤ እዚህ አፕ ላይ ግን ያ ሥራ የተሠራ አይመስልም።

ትንሽ ነገር እንደሆነ የሚመስለው ካለ፣ በ2019 (በፈረንጅ) ጉግል በርት (BERT) የሚባለውን ሞዴል፣ ማለትም ከብዙ ጽሑፍ ቋንቋ የተማረ ፕሮግራም፣ ፍለጋው ውስጥ ሲያስገባ ያቀረበው አንዱ ምሳሌ የጉዞ ነበር። ጥያቄው ብራዚላዊ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ቪዛ ያስፈልገው እንደሆነ ነው። የቀድሞው ፍለጋ አቅጣጫውን ስቶ ወደ ብራዚል ለሚሄዱ አሜሪካውያን የተጻፈ ያመጣ ነበር። ልዩነቱ ያለው «ቱ» (to፣ «ወደ» ማለት ነው) የምትል አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ነው። በኛ ቋንቋ ደግሞ እንደ «ከ» እና «ለ» ያሉት ከቃሉ ጋር ተጣብቀው ነው የሚመጡት። በዚያ ላይ አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ (UTF-8) ሦስት ባይት (የመረጃ መለኪያ ነው) ይይዛል፣ የእንግሊዝኛው አንድ ብቻ፤ በአብዛኛው እንግሊዝኛ የተማረ ሞዴል አማርኛ ቃል ሲደርሰው ብዙ ቦታ ይቆራርጠዋል። ለእውነቱ ግን «ከጎንደር ላሊበላ» እና «ከላሊበላ ጎንደር» ብዬ ስፈትነው አንዴም አልተሳሳተም።

እንጠቀምበት ወይ ለምትሉኝ፣ አዎ። ምን ዓይነት ቦታ እንደምትፈልጉ ለመንገር ከሱ የተሻለ አላየሁም። ቀኑን ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ስጡት። ሰዓቱንም እንደዚያው፤ «ማታ 3 ሰዓት ቦሌ የሚቀበለን መኪና» ብዬው ለሌሊቱ 9 ሰዓት ነው የያዘልኝ።

ሠሪዎቹ ደግሞ፣ እባካችሁ ጠይቁን። «ዲሴምበር 25 ነው ወይስ ጃንዋሪ 7?» የምትል አንዲት መስመር ትበቃለች። እኛ ብቻ አይደለንም፣ ኤርትራውያን፣ የግብፅ ኮፕቶች፣ ሰርቦችና ሩሲያውያን ኦርቶዶክሶችም ገናን የሚያከብሩት ጃንዋሪ 7 ነው።

ላንጋኖ ላለው ሎጅ ከመክፈሌ በፊት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ «ምግብ ቤቱ መግቢያ ላይ ሦስት ደረጃ አለች፣ ግን በአትክልቱ በኩል ዞረው ቢገቡ ደረጃ የለውም፣ ለእማማ ለዚያ በር የሚቀርበውን ክፍል እይዝልዎታለሁ» አለችኝ። ቲኬቱን ለጃንዋሪ 3 ቆርጠናል።